የፍሬን ሸራ ቁጥር ሲዋሽ

አዲስ የጭነት መኪና የገዛ ሰው ዓመት ሳይሞላው «መኪናዎ የደኅንነት ጉድለት ስላለበት ለእርማት ያቅርቡ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ አንድም የተሸጠለት መኪና ከመነሻው ብልሹ ነው ብሎ ይደመድማል፣ አንድም መኪናው እስከሄደ ድረስ ደብዳቤው የወግ ወረቀት ነው ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። በዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን ሸራን ቀሪ መጠን የሚያሳየው ቁጥር ሲዛባ የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ «ፍሬኑ ይይዛል፣ የተበላሸው ሴንሰሩ ብቻ ነው» ይባልና መኪናው ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ አባባል በሹፌሩም፣ በባለንብረቱም፣ አንዳንዴም በሻጩ ድርጅት የጥገና ክፍል የሚደጋገም ሲሆን፣ «ብቻ» የምትለው ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። የዚህ ሐተታ አቋም፣ በዲስክ ፍሬን የሚሠራ አዲስ የጭነት መኪና ላይ የሚታይ የተዛባ የሸራ ንባብ ራሱ የፍሬን ጉድለት ነው፣ ስለዚህም አምራቾች ለጥገና ክፍሎች በሚልኩት ማስታወሻ ሊያልፉት የሚገባ ጉዳይ አይደለም የሚል ነው። ወደዚህ ፍርድ ለመድረስ ግን አስቀድሞ የእርማት ጥሪ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ሴንሰሩ በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በተለምዶ ከሚታሰበው ይለያሉ።

ደብዳቤው የሚለውና የማይለው

የእርማት ጥሪ፣ በተለምዶ «ሪኮል» የሚባለው፣ አምራች የሸጠውን ተሽከርካሪ በራሱ ወጪ ለማስተካከል መልሶ የሚጠራበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በዝርዝር ተጽፎ፣ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው በአሜሪካ ሲሆን፣ በዚያው አገር ከሲያትል እስከ ዳላስ፣ ከዴንቨር እስከ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በጭነት መኪና ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ በመሆናቸው፣ ሕጉን በቅርብ መመልከቱ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንም። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ብሔራዊ የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ነው፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር (ከዚህ በኋላ «አስተዳደሩ») ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ አምራች ጉድለቱ ደኅንነትን የሚነካ መሆኑን ከወሰነ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለአስተዳደሩ ማሳወቅ፣ ከዚያም በ60 ቀናት ውስጥ ለባለንብረቶች ደብዳቤ መላክ ይጠበቅበታል። መፍትሔው መጠገን፣ በሌላ መተካት ወይም ዋጋ መመለስ ሲሆን ምርጫው የአምራቹ ነው፤ ተሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት እስካልሞላው ድረስ ባለንብረቱ ለእርማቱ ምንም አይከፍልም። ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ያንኑ ጉድለት በራሱ ገንዘብ ያስጠገነ ባለንብረትም ደረሰኙን ከያዘ ወጪው የሚተካበት መንገድ አለ።

ከዚህ የሚታየው፣ የእርማት ጥሪ የአምራቹን ጥራት የሚመዝን ፈተና አለመሆኑን ነው። ጥሪው የሚወጣው አምራቹ ጉድለቱን አውቆ ሲናገር፣ ወይም እንዲናገር ሲገደድ ነው። ጥሪ ያልወጣበት መኪና ጉድለት የሌለበት ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱ ገና ያልተነገረበትም ሊሆን ይችላል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ አዲስ ሞዴል በፋብሪካ ሙከራ ያላሳየውን ጠባይ በጨው በተረጨ የክረምት መንገድና በጭነት ሥር ያሳያል። ለዚህም ነው ሕጉ ለመናገሪያው ጊዜ ክብደት የሰጠው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ዳይምለር ትራክስ ኖርዝ አሜሪካ የ30 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ያለበትን ስምምነት ከአስተዳደሩ ጋር የፈረመው የእርማት ጥሪዎችን በጊዜው ባለማሳወቁ ነበር። ቅጣቱ የተያያዘው ከመዘግየት ጋር ነው፤ ጥሪ ማውጣት በራሱ ጥፋት ሆኖ አልተቆጠረም።

ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ቮልቮ ትራክስ በአሜሪካ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ አዳዲስ መኪኖችን በመሪ ዘንግ ጉድለት ሲጠራ፣ የፌዴራሉ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት መኪኖቹ እስኪታረሙ ድረስ ከመንገድ እንዲወጡ አሳስበዋል። ይህን የመሰለው ጥሪ ለክርክር ቦታ የለውም፤ መኪናው ባለበት ይቆማል። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ግን እንደዚህ ቁርጥ ያሉ አይደሉም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ጊዜያዊ ደብዳቤ የሚባሉ ናቸው፤ ማለትም አምራቹ ጉድለቱን ያምናል፣ መለዋወጫው ወይም ሶፍትዌሩ ግን ገና አልደረሰም፣ «ሲዘጋጅ ሁለተኛ ደብዳቤ እንልካለን» ይላል። ባለንብረቱ አደጋውን የሚያምን ወረቀት በእጁ ይዞ መፍትሔ አልባ ሆኖ የሚከርመው በዚህ ጊዜ ነው። በሕጉ ውስጥ ያለው ትልቅ ክፍተትም እዚሁ ላይ ይታያል፤ እርማቱ በነፃ ይሁን እንጂ መኪናው ጋራዥ በቆመባቸው ቀናት የቀረውን ገቢ አምራቹ እንዲከፍል ሕጉ አያስገድደውም። አንድ መኪና ብቻ ላለው፣ በየወሩ የባንክ ክፍያ ለሚጠብቀው ባለንብረት «ነፃ እርማት» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው፤ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ የሚቀረውም ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም።

ጠመኔውን የተካው ሴንሰር

የሸራ ሴንሰር ጉዳይ ለምን ክብደት እንዳለው ለመረዳት ከባድ መኪና በምን እንደሚቆም ማየት ይገባል። በአሜሪካ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ አንድ ባለተሳቢ መኪና ያለ ልዩ ፈቃድ የሚይዘው አጠቃላይ ክብደት እስከ 80 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም ከ36 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ነው። ለረጅም ዘመን ይህን ክብደት ያቆመው የታምቡር ፍሬን ነበር፤ በንፋስ ግፊት የሚገፋ ዘንግ ሸራ የተለበሰባቸውን ሁለት ጫማዎች ከውስጥ ወደ ታምቡሩ ግድግዳ ይለጥፋቸዋል። የዚህ አሠራር ድክመት ሙቀት ነው፤ ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ዘንጉም እየረዘመ መሄድ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና ከነሐሴ 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የማቆሚያ ርቀት ደንብ፣ የተለመደው ባለ ሦስት አክስል ጎታች በሰዓት 60 ማይል ሲጓዝ ከነጭነቱ በ250 ጫማ፣ ማለትም በ76 ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲቆም ጠየቀ፤ ከዚያ በፊት የሚፈቀደው 355 ጫማ፣ ማለትም 108 ሜትር ያህል ነበር። አምራቾች ይህን በከፊል በሰፋፊ ታምቡሮች ቢያሟሉትም፣ በአውሮፓ ቀድሞ የተለመደው የዲስክ ፍሬን በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ላይ እየበዛ መጥቷል። ዲስኩ ሲግል ወደ ሸራው ያብጣል እንጂ አይሸሽም፤ ስለዚህ በሙቀት ጊዜ ፍሬኑ በቀላሉ አይከዳም።

ይህ መሻሻል ግን ብዙም ያልተወራለት ዋጋ አለው። በታምቡር ዘመን መካኒክ ወይም ረዳት መኪናው ሥር ገብቶ ገፊው ዘንግ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ ሹፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ ምልክቱ ምን ያህል እንደተጓዘ በማስመሪያ ይለካል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ባለው መደበኛ 30 ቁጥር ቻምበር ርቀቱ 2 ኢንች፣ ማለትም 51 ሚሊሜትር ካለፈ ፍሬኑ ከልክ ውጭ ነው። ጠመኔ የያዘ ማንኛውም ሰው ያለ ኮምፒውተር እውነቱን ያገኛል። በንፋስ በሚሠራው የዲስክ ፍሬን ላይ ግን ዘንጉ ተሸፍኗል፣ የሚለካ ነገር አይታይም፤ ሸራዎቹም በቸርኬውና በካሊፐሩ (ዲስኩን ከሁለት በኩል አቅፎ የሚጨብጠው አካል) መካከል ተሸሽገው ተቀምጠዋል። እግርም አይረዳም፤ 3 ሚሊሜትር የቀረው ሸራ 20 ሚሊሜትር ካለው ሸራ ባልተናነሰ ሁኔታ ይይዛልና፣ «ፍሬኑ ይይዛል» የሚለው ምስክርነት ስለ ሸራው ውፍረት ምንም አይናገርም። በሮለር ላይ የሚደረግ የፍሬን ፍተሻም የሚለካው የመያዝ ኃይልን እንጂ ውፍረትን አይደለም። ዓይንም፣ እግርም፣ ጠመኔም ከሥራ ሲወጡ የቀረው ምስክር ሴንሰሩ ነው።

ታዲያ ሴንሰሩ ምን ያያል? ቀላሉ ዓይነት ሸራው ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው፤ ሸራው አልቆ ዲስኩ ሽቦውን ሲበላው መብራት ይበራል። በዳሽቦርድ ላይ መቶኛ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ሸራ ሲበላ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ጥርስ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሴንሰሩ የዚህን ጥርስ ጉዞ ወደ ቮልቴጅ ለውጦ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ወደ መቶኛ ተርጉሞ ለሹፌሩ፣ በመገናኛ መስመርም ለድርጅቱ ቢሮ ያሳያል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሴንሰሩ የአንዱንም ሸራ ውፍረት አለማየቱን ነው። የሚያየው የውስጡ ሸራ፣ የውጭው ሸራና የዲስኩ መበላት አንድ ላይ ተደምሮ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። በአውሮፓ ከባድ መኪኖች ላይ የተለመደ አዲስ ሸራ ከነብረቱ 30 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ የሚበላው ክፍል 21 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱ ሸራዎች ተደምረው 42 ይሆናሉ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በዝገት ወይም በተቀደደ ጎማ ምክንያት ከያዙ፣ የሚገፋው የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ የውጭው ያርፋል። ለምሳሌ የውስጡ 3 ሚሊሜትር፣ የውጭው 16 ሚሊሜትር ቢቀር ድምሩ 19 ነው። የዲስኩ መበላት ለማቅለል ቢተው፣ ከ42 ላይ 19 ሲቀር ዳሽቦርዱ 45 በመቶ ይላል። ሹፌሩ ግማሽ ያህል ሸራ አለኝ ብሎ ይነዳል፤ የአሜሪካ ደንብ ለዲስክ ሸራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ውፍረት ግን 3.2 ሚሊሜትር ነውና፣ መንገድ ላይ ያስቆመው ተቆጣጣሪ ጥፋት አግኝቶበታል። በዚህ ምሳሌ ሴንሰሩ አልተበላሸም፣ ገመዱም አልተቆረጠም፤ በትክክል እየሠራ ያሳስታል። በዚህ ላይ በፋብሪካ የተለዋወጡ የግራና የቀኝ ገመዶች፣ ውኃ የገባባቸው ሶኬቶች፣ ለሌላ ውፍረት የተሰላ ሶፍትዌር ወይም ሸራ ሲቀየር ወደ መነሻው ያልተመለሰ ንባብ ሲጨመር፣ ያው ቁጥር ጭራሽ ትርጉም ያጣል።

«ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው»

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ጠንካራው ነጥብ ከአስተዳደሩ ከራሱ የመጣ ነው፤ አስተዳደሩ ለሕዝብ ባዘጋጀው መመሪያ ላይ የደኅንነት ጉድለት ተብለው የማይቆጠሩ ነገሮችን ሲዘረዝር፣ በየጊዜው መመርመርና መቀየር ያለባቸውን ዕቃዎች መደበኛ መበላት ይጠቅሳል፣ ከምሳሌዎቹም አንዱ የፍሬን ሸራ ነው። አምራቾችና ሻጮች ይህን መነሻ አድርገው «ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ የሸራ ሴንሰርም የሸራ ተከታይ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የዋስትና ወይም የጥገና እንጂ የእርማት ጥሪ አይደለም» ይላሉ። ሰንሰለቱ ሲታይ የተያያዘ ይመስላል፤ የሚበጠሰው ሁለተኛው ቀለበት ላይ ነው። ሸራ ማለቁ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፣ ስለ ማለቁ ሐሰት መነገሩ ግን ከመበላት ጋር ግንኙነት የለውም። ነዳጅ ማለቁ የመኪናው ጉድለት አይደለም፤ ባዶ ታንከር ይዞ «ሙሉ» የሚል መለኪያ ግን ጉድለት ነው። ሕጉም ጉድለት የሚለውን ቃል በአሠራር፣ በአካል ክፍልም ሆነ በቁስ ላይ የሚገኝ ማንኛውንም ጉድለት እንዲያካትት አድርጎ ተርጉሞታል፤ መመዘኛው ጉድለቱ ምክንያታዊ ያልሆነ የአደጋ ስጋት ያመጣል ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ክርክር የሹፌሩን ግዴታ ያነሳል። የአሜሪካ የጭነት ትራንስፖርት ደንብ ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት መኪናው፣ ፍሬኑን ጨምሮ፣ ለጉዞ ብቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ቢዋሽም ሹፌሩ ማየት ነበረበት ይባላል። ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ሆኖም ጎህ ሳይቀድ፣ በነዳጅ ማደያ ግቢ፣ በባትሪ ብርሃን የሚነሳ ሹፌር ቸርኬ ሳይፈታ የውስጡን ሸራ ውፍረት እንዲለካ መጠየቅ፣ የማይቻለውን ጠይቆ ጥፋቱን ለእሱ ማስያዝ ነው። አንዳንድ ካሊፐሮች ላይ ከውጭ የሚታይ ምልክት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያም ምልክት እንደ ሴንሰሩ ሁሉ የእያንዳንዱን ሸራ ውፍረት ለየብቻ አያሳይም። በአውሮፓና ደንቡን በተቀበሉ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 13 ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፤ የሸራ መበላት ጎማ ሳይወልቅ ከውጭ ወይም ከሥር በቀላሉ ሊታይ ይገባል ይልና፣ በዚህ ፋንታ ሸራው ሲያልቅ ሹፌሩን በድምፅ ወይም በመብራት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያን ይቀበላል። ማለት፣ ደንቡ ራሱ ሴንሰሩን በዓይን ቦታ አስቀምጦታል። በዓይን ቦታ የተቀመጠ መሣሪያ ሲዋሽ «ዓይንህ የት ነበር» ብሎ ሹፌርን መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሦስተኛው ክርክር፣ ንባቡ ወደ ደኅናው በኩል ካጋደለ፣ ማለትም ሸራው እያለ «አልቋል» ካለ፣ ጉዳቱ ገንዘብ ብቻ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይህ እውነት ነው። በሦስተኛው ወር ግን አይደለም። በየሳምንቱ ጋራዥ ገብቶ «ሸራው ደኅና ነው» እየተባለ የተመለሰ ሹፌር፣ መብራቱን እንደ ዳሽቦርዱ ጌጥ መቁጠር ይጀምራል፤ ሸራው በእርግጥ ሲያልቅም የሚበራው ያው መብራት ነው። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የሚገድለው ማስጠንቀቂያን ነው፤ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የፀረ መንሸራተት ፍሬን ቢጫ መብራታቸው እንደበራ የሚጓዙ ተሳቢዎችን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

የቀረው ክርክር ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ለሴንሰር ሁሉ ጥሪ ከወጣ ባለንብረቶች በደብዳቤ ብዛት ይሰለቻሉ፣ እውነተኛው አደጋ በጩኸቱ መሃል ይጠፋል ይላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ስለዚህም እዚህ የሚቀርበው ፍርድ ለሁሉም ሴንሰር አይደለም። አንድ ነጠላ ገመድ ተቆርጦ «መረጃ የለም» የሚል ንባብ ቢሰጥ፣ መኪናው አላውቅም እያለ ነውና ተራ ጥገና ይበቃዋል። ድንበሩ ያለው ስህተቱ ከዲዛይን፣ ከሶፍትዌር ወይም ከፋብሪካ ገጣጠም መጥቶ በተመሳሳይ መኪኖች ሁሉ ላይ የሚደገም ሲሆንና፣ መኪናው አላውቅም በማለት ፋንታ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ሲናገር ነው። በተለይ ከእውነተኛው የበለጠ ሸራ እንዳለ የሚያሳይ ንባብ ከአንድ በላይ መኪና ላይ ከተገኘ፣ ጉዳዩ ከማስታወሻ ወጥቶ ወደ እርማት ጥሪ መግባት አለበት። የሚከሰሱት ሹፌሩና ድርጅቱ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም፤ አምስት አክስል ያለው ባለተሳቢ አሥር የጎማ ፍሬኖች ሲኖሩት፣ የሰሜን አሜሪካ የመንገድ ዳር ፍተሻ መመዘኛ ከፍሬኖቹ 20 በመቶ ያህሉ ጉድለት ከተገኘባቸው መኪናውን ከመንገድ ያስወጣዋል። ሁለት ጎማ ማለት ነው። የጥፋት ነጥቡም በትራንስፖርት ድርጅቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ ወደ ሶፍትዌሩ ጸሐፊ አይሄድም።

መኪናው ድንበር ሲሻገር

ጥሪ አገር ያውቃል፤ ጉድለት ግን አያውቅም። ለዚህ ትልቁ ምስክር የፋየርስቶን ጎማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ሲጠሩ፣ ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ጎማዎችን መቀየር ጀምሮ እንደነበር ተጋለጠ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ግን አላወቁም ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የጸደቀው ሕግ፣ አምራቾች በውጭ አገር የሚያካሂዱትን የደኅንነት ዘመቻ ተመሳሳይ መኪና በአሜሪካ እስከተሸጠ ድረስ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለአስተዳደሩ እንዲያሳውቁ አስገደደ። ይህ መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነው፤ የዓለም ዜና ወደ አሜሪካ እንዲገባ ያስገድዳል፣ የአሜሪካው ጥሪ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዱባይ እንዲወጣ ግን የሚያስገድድ ነገር የለበትም። በተፈቀደለት ወኪል በኩል የገባ አዲስ መኪና በአምራቹ መዝገብ ላይ ስለሚኖር ደብዳቤው ሊከተለው ይችላል፤ በግለሰብ አስመጪ፣ በሦስተኛ አገር በኩል የገባው ግን የማንም ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ሊብሬው በተቀያየረ ቁጥርም ዱካው እየራቀ ይሄዳል። በአሜሪካም ቢሆን ሕጉ ሻጭ ጥሪ ያልተፈጸመበትን አዲስ መኪና እንዳያስረክብ ይከለክላል እንጂ ያገለገለ ከባድ መኪና ሽያጭን በዚህ አይነካም፤ የሻንሲ ቁጥር አስገብቶ ጥሪ የመፈለጊያ አገልግሎት የማቅረብ ግዴታም የተጣለው በትናንሽ መኪኖችና በሞተር ብስክሌት አምራቾች ላይ ነው። የከባድ መኪና ባለንብረት የአምራቹን የራሱን መፈለጊያ መጠቀም ወይም ወኪሉን መጠየቅ ይኖርበታል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ ባለተሳቢ ለዚህ ሁሉ ክርክር ትዕግሥት የለውም። ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተር ፍሬን ይወርዳል፤ ሸራውን ለመጨረሻው ይቆጥበዋል። ይህ ጥበብ ግን የሚሠራው ለመጨረሻው የተቆጠበው ሸራ በእርግጥ ካለ ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የመኪናውን ብቃት ያያል፤ በዳሽቦርዱ የሚታየው መቶኛ በቸርኬው ውስጥ ካለው ሸራ ጋር መመሳከሩ ግን በየጋራዡ ሊለመድ የሚገባው ሥራ ነው። አዳዲሶቹ ባለ ዲስክ መኪኖች እየበዙ ሲሄዱ የጠመኔው ዘመን ሙያ ብቻውን አይበቃም።

እርማቱ እስኪደርስ ድረስ የተዛባ ንባብ ያለው መኪና በሚሊሜትር መነዳት አለበት፤ ይኸውም ቁጥሩን ትቶ፣ ሁለቱንም ሸራ ቸርኬ ተፈትቶ በተወሰነ የኪሎ ሜትር ልዩነት እየለኩ፣ ፒኖቹ በነፃነት መንሸራተታቸውንም በእጅ እየሞከሩ ማለት ነው። በአሜሪካ ያለ ባለንብረት ቅሬታውን ለሻጩ ነግሮ ከማቆም ይልቅ ለአስተዳደሩም ማቅረብ ይገባዋል፤ ከባድ መኪኖች ከቤት መኪኖች በቁጥር እጅግ ስለሚያንሱ ጥቂት ቅሬታዎችም ሚዛን ይደፋሉ። ጥሪ ወጥቶ መኪናውን ካቀረበ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ በአግባቡ ካልታረመለት ደግሞ፣ ሕጉ ይህን በራሱ አምራቹ በተገቢው ጊዜ ላለመጠገኑ እንደ በቂ መነሻ ማስረጃ ስለሚቆጥረው፣ መኪናው ጋራዥ የገባበት ቀን በጽሑፍ መያዝ አለበት። «ሴንሰር ነው፣ ችግር የለውም» የሚል የጥገና ወረቀት ግን ምንም አያስረዳም። ቀኑ፣ መኪናው የሄደው ኪሎ ሜትር፣ ዳሽቦርዱ ያሳየው ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ጎማ የውስጥና የውጭ ሸራ በሚሊሜትር ያልተጻፈበት ወረቀት ሲቀርብለት ባለንብረቱ አይፈርምበት።